የልጄ የወተት ጥርሶች ተቦርቡረዋል፤ ይነቀሉ፣ ይሞሉ ወይስ ይተዉ?

ጥያቄ፦ «ሴት ልጄ ሁለት ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። ከላይ ያሉት አራቱም የፊት ጥርሶቿ ከድዱ ሥር ቡናማ ሆነዋል፤ የአንደኛውም ጫፍ ተሰብሯል። ባለፈው ወር ደግሞ ከታች በግራም በቀኝም መንጋጋዋ ላይ ቀዳዳ አየሁ። ምግብ ሲገባበት ታለቅሳለች፤ ሌሊት ግን ደህና ትተኛለች። አንዱ ክሊኒክ ‹የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል፤ ይተዉት› አለኝ። ሌላው ‹ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቷት ስድስቱም ይነቀሉ› አለኝ። እስከ አሁን ሌሊት ጡት ትጠባለች፤ ስትተኛም ጡጦ በወተት እሰጣታለሁ። የቱን ልስማ?»

ምላሽ፦

ውድ እናት፣

ሁለቱ ክሊኒኮች የሰጡዎት መልስ ተቃራኒ ቢመስልም አንድ ዓይነት ጉድለት አለበት፤ ሁለቱም ስድስቱን ጥርሶች እንደ አንድ ጥርስ ቆጥረው ነው የወሰኑት። የሕፃን ጥርስ ሕክምና ግን በጅምላ አይወሰንም። በአንድ አፍ ውስጥ አንዱ ጥርስ ሊነቀል፣ ሌላው በብረት ክራውን፣ ማለትም እንደ ቆብ በሚጠለቅ ሽፋን፣ ሊሸፈን፣ ሌላው ደግሞ መድኃኒት ብቻ ተቀብቶ በራሱ ጊዜ እስኪወልቅ ድረስ ሊቆይ ይችላል። ልጅዎን በዓይኔ ስላላየኋት የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው አፏን በመብራት የሚመረምራት ሐኪም ነው፤ ሆኖም የጻፉልኝ ነገር ጥርስ በጥርስ ለማሰብ የሚያስችል በቂ ፍንጭ አለው።

«ይወልቃል» ከሚለው ልጀምር። ከላይ ያሉት ሁለቱ መካከለኛ የፊት ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ በስድስትና በሰባት ዓመት መካከል፣ ከእነሱ ግራና ቀኝ ያሉት ደግሞ በሰባትና በስምንት ዓመት መካከል ይወልቃሉ። ልጅዎ ጣራ ላይ እስክትወረውራቸው ድረስ እነዚህ ጥርሶች የቀራቸው ዕድሜ ከአራት እስከ አምስት ዓመት ያህል ነው ማለት ነው። የወተት መንጋጋዎች ነገር ግን ሌላ ነው። ፊተኛው መንጋጋ ከ9 እስከ 11፣ ኋለኛው ከ10 እስከ 12 ዓመት ዕድሜ ድረስ አፍ ውስጥ ይቆያል። ልጅዎ አራተኛና አምስተኛ ክፍል እስክትደርስ ድረስ ሥጋውንም ቆሎውንም የምታኝከው በእነዚህ መንጋጋዎች ነው። በዚያ ላይ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ከኋለኛው የወተት መንጋጋ ጀርባ የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ይበቅላል፤ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚወጣ ብዙ ወላጆች የወተት ጥርስ ይመስላቸዋል። ፊቱ ያለው የወተት መንጋጋ ቀድሞ ተነቅሎ ከሆነ ይህ ቋሚ ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ እየተንሸራተተ ከሥር ለሚመጣው ጥርስ መውጫ ያሳጣዋል። የብዙ ልጆች ጥርስ ተደራርቦ የሚበቅለው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ «ይወልቃል» የሚለው መልስ ለፊት ጥርሶች ግማሽ እውነት አለው፤ ለመንጋጋዎቹ ግን ስሕተት ነው። ከዚህም ሌላ ከእያንዳንዱ የወተት ጥርስ ሥር የቋሚው ጥርስ እንቡጥ በመሠራት ላይ ስለሆነ ከላይ መግል ለወራት ሲቋጥር የሚተኛው በዚያ እንቡጥ ላይ ነው፤ ቋሚው ጥርስ ነጠብጣብ ያለበት ወይም ሽፋኑ የጎደለ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

አሁን ደግሞ ለምን የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ብቻ እንደተጎዱና የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ደህና እንደሆኑ እንመልከት፤ ምክንያቱም የበሽታውን መነሻ የሚነግረን ይህ ነው። ልጅ ጡጦ ወይም ጡት አፉ ውስጥ እንዳለ ሲያንቀላፋ ምላሱ የታችኞቹን የፊት ጥርሶች ይሸፍናቸዋል፤ ከምላስ ሥር የሚመነጨው ምራቅም ያጥባቸዋል። ወተቱ የሚጠራቀመው በላይኞቹ ጥርሶች ዙሪያ ነው። በእንቅልፍ ጊዜ የምራቅ መጠን በጣም ስለሚቀንስ ከወተቱ የሚገኘውን ስኳር ባክቴሪያዎች ወደ አሲድ ሲለውጡት የሚያጥበው አይኖርም። የወተት ጥርስ ውጫዊ ሽፋን ከቋሚው ጋር ሲነጻጸር በግምት ግማሽ ያህል ስለሚሳሳ ለነርቩም ቅርብ ስለሆነ ጉዳቱ በወራት ውስጥ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አያቶቻችን «ትል በላው» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ትል ግን የለም፤ ያለው አሲድ ነው። ዛሬ ማታ ልጅዎን ጭንዎ ላይ አስተኝተው የላይኛውን ከንፈሯን በጣትዎ ቀስ ብለው ከፍ ያድርጉት። ከቡናማው አጠገብ፣ በድዱ ጠርዝ ላይ፣ ጠመኔ የመሰለ ነጭ መስመር ካዩ እሱ የመቦርቦር የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ገና ቀዳዳ ስላልሆነም ያለ ምንም መሰርሰሪያ ሊመለስ ይችላል። ይህን መስመር ማየት የሚችሉት የሕፃኑን ከንፈር የሚያነሡ ወላጆች ብቻ ናቸው፤ ልጁ ሲስቅ አይታይም።

በነገራችን ላይ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ ወይም በዝዋይ ዙሪያ የጉድጓድ ውኃ እየጠጡ የሚያድጉ ልጆች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም የሌላ ነገር ነው። እሱ በውኃው ውስጥ ካለው ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን መብዛት የሚመጣ ሲሆን በአብዛኛው ቋሚ ጥርሶችን የሚይዝ፣ በግራና በቀኝ ተመሳሳይ የሆነና ጥርሱን ለስላሳ የማያደርግ ነው። እርስዎ የገለጹት ከድዱ ሥር የጀመረና ጥርሱን እየሰበረ ያለ ስለሆነ ያ አይመስልም፤ ሆኖም በእነዚያ አካባቢዎች የሚኖሩ ከሆነ ለሐኪሙ መንገር አለብዎት።

ከማንኛውም ሕክምና በፊት የሚቀድመው ሌሊቱን መለወጥ ነው። ይህን የምለው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፤ ልጇን በጡት ያሳደገች እናት ወቀሳ አይገባትም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጡት ማጥባት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥል ይመክራል። ነገር ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ደጋግሞ መጥባት ከጥርስ መቦርቦር ጋር እንደሚያያዝ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ልጅዎም ሦስት ዓመት ሊሞላት ስለሆነ የሌሊቱን ምግብ ሰውነቷ አይፈልገውም። የመኝታ ጡጦውን በአንድ ሌሊት መንጠቅ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ከባድ ስለሚሆን እኔ የምመክረው ወተቱን በየሁለት ቀኑ በውኃ እያቀጠኑ በአሥር ቀን ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ውኃ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው። ብዙ ልጆች ጡጦው ውኃ ብቻ ሲሆን ራሳቸው ይተዉታል። ጡቱን ደግሞ ከመኝታ በፊት ይስጧት፤ ከዚያ ጥርሷን ይቦርሹላት፤ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ውኃ ብቻ ትጠጣ። ቀን ቀን ችግሩ የሚባባሰው በምትበላው ጣፋጭ መጠን ሳይሆን በድግግሞሹ ነው። ስኳር የበዛበት ሻይ በጡጦ፣ በየሰዓቱ የሚሰጥ ብስኩት፣ ጁስ፣ ማር የገባበት የአብሽ ውኃ፣ እያንዳንዳቸው ጥርሱን ለግማሽ ሰዓት ያህል አሲድ ውስጥ ይነክሩታል። ብስኩቱን ከምሳ ጋር አብራ ብትበላው ጉዳቱ በጣም ያንሳል። የጥርስ ሳሙናው ቢያንስ 1,000 ፒፒኤም ፍሎራይድ ያለው መሆን አለበት፤ ቁጥሩ ቱቦው ጀርባ ላይ ተጽፏል። ሦስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ የአንድ ሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ ከዚያ በኋላ የአተር ፍሬ የሚያህል ብሩሹ ላይ አድርገው ጠዋትና ማታ እርስዎ ራስዎ ይቦርሹላት፤ ትትፋው እንጂ በውኃ አትጉመጥመጥ። ብሩሹን ለልጅቷ ሰጥቶ መተው ማጽዳት አይደለም፤ የሦስት ዓመት ልጅ እጅ ገና ለዚህ አልደረሰም። ይህ ሁሉ ካልተደረገ ማንኛውም ሐኪም የሚሠራው ሙሌት በዓመት ውስጥ ጠርዙ ላይ እንደገና ይበሰብሳል። ይህን በሙያ ዘመኔ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ያስለቀሱኝም ጥርሱን ለመሙላት የተቸገሩ ወላጆች ገንዘባቸውን ከፍለው፣ ጡጦው ግን እንዳለ ቀርቶ፣ ከስምንት ወር በኋላ ያንኑ ልጅ ይዘው ሲመለሱ ነው።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ ለእያንዳንዱ ጥርስ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የጥርሱ ነርቭ በሕይወት አለ ወይ? ጥርሱ እስኪወልቅ ስንት ዓመት ቀርቶታል? ልጅቷስ ዛሬ ምን ያህል ሕክምና ልትችል ትችላለች? ሁለተኛውን መልሰናል። የመጀመሪያውን በተመለከተ ከጻፉልኝ ሁሉ ለእኔ ትልቁ ዜና «ሌሊት ደህና ትተኛለች» የሚለው ነው። ምግብ ሲገባበት ወይም ጣፋጭ ሲነካው የሚያም፣ ሲጸዳ ግን የሚተው ሕመም ነርቩ የተቆጣ ቢሆንም ገና ሊድን የሚችል መሆኑን ያመለክታል። ማንም ሳይነካው በራሱ የሚነሣ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ግን ነርቩ እየሞተ ለመሆኑ ምልክት ነው። ከጥርሱ በላይ ወይም በታች ድዷ ላይ ብጉር የመሰለ እብጠት ካለ፣ አንዱ ጥርስ ግራጫ ከሆነ ወይም ያለ ጊዜው ከተነቃነቀ ያ ጥርስ ነርቩ ሞቷል ብለው ይገምቱ። ሕመሙ በድንገት ጠፍቶ ልጅ ሲረጋጋ ወላጅ ይደሰታል፤ ነገር ግን ድዱ ላይ ብጉር ወጥቶ ሕመሙ ከጠፋ ነርቩ ሞቶ መግሉ መውጫ አገኘ ማለት እንጂ ዳነ ማለት አይደለም።

ለፊት ጥርሶች፣ ነርቫቸው በሕይወት ካለ፣ እኔ መጀመሪያ የማስበው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተባለውን ፈሳሽ መቀባት ነው። በውስጡ ያለው ብር ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ፍሎራይዱ ደግሞ የለሰለሰውን ጥርስ ያጠነክራል። በጃፓን ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት የቆየ ሲሆን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ እናትና ሐኪም ጉልበት ለጉልበት ተያይዘው ይቀመጣሉ፤ ልጅቷ ፊቷን ወደ እናቷ አድርጋ እናቷ ጭን ላይ ትቀመጥና ጭንቅላቷ ሐኪሙ ጭን ላይ እንዲያርፍ ወደ ኋላ ትጋደማለች። ከንፈሯ ላይ ቫዝሊን ይቀባል፤ ጥርሱ በጥጥ ይደርቃል፤ ከዚያ በደቃቅ ብሩሽ አንዲት ጠብታ ቀዳዳው ላይ ተቀብታ ለአንድ ደቂቃ ያህል ትቆያለች። መርፌ የለም፣ መሰርሰሪያ የለም። ብረት ብረት የሚል ጣዕም አለው፤ ልጆች በአብዛኛው የሚያለቅሱት በሕመም ሳይሆን አፋቸው በመያዙ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ይደገማል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ መቀባት አንድ ጊዜ ከመቀባት ይበልጣል። ከሚቀቡት ቀዳዳዎች የሚበዙት ይቆማሉ፤ ሁሉም ግን አይቆሙም፤ ስለዚህ ክትትል ግድ ነው። ለብር አለርጂ ላለበት ልጅ፣ አፉ ለቆሰለና ነርቩ ለተጋለጠ ወይም መግል ለያዘ ጥርስ አይሆንም።

አንድ ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ የበሰበሰውን ክፍል ጥቁር ያደርገዋል፤ ጥቁረቱም አይለቅም። ጤነኛውን ጥርስ አያጠቁርም። ይህን አስቀድሜ የምነግርዎት በኋላ መስታወት ፊት እንዳይደነግጡ ነው። አንድ አባት ከቀባን ከሳምንት በኋላ ተናዶ ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ የልጁ አያት «ልጁን አበላሻችሁት» ብለውት ነው። አስቀድሜ ፎቶ አሳይቼ፣ አያትየውም አብረው ቢመጡ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ፎቶ ሳላሳይ ለማንም ቀብቼ አላውቅም። ጥቁር ሆኖ የጠነከረ ጥርስ ሲነካ እንደ መስታወት ያንሸራትታል፤ ቡናማ ሆኖ የለሰለሰ ግን በሽታው ያልቆመ ነው። ጥቁረቱ ካሳሰበዎት ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሐኪሙ ላዩን ነጭ ግላስ አዮኖመር በተባለ ሙሌት ሊሸፍነው ይችላል። በፕላስቲክ ቅርጽ የሚሠሩ ነጭ የፊት ጥርስ ክራውኖችም አሉ፤ ያምራሉ፤ ነገር ግን ጥርሱ ፍጹም ደረቅ ሆኖ ልጅቷ ረጅም ጊዜ ሳትንቀሳቀስ መቆየት አለባት፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ማደንዘዣ የሚችለው ልጅ ጥቂት ነው። ጫፉ የተሰበረውን ጥርስ ሐኪሙ በተለይ ይየው። ስብራቱ ነርቩን ካልነካ ሹሉ ለስልሶ ከሌሎቹ ጋር ይቀባል። ነርቩን ነክቶ መግል ከያዘ መንቀል ተገቢ ነው፤ ክራንቻዎቿ በዚህ ዕድሜ ስለበቀሉ የፊት ጥርስ መነቀል በቦታ ላይ የሚያመጣው ጉዳት ጥቂት ነው። አንዱን መንቀል አለብን ማለት ግን አራቱን እንንቀል ማለት አይደለም።

መንጋጋዎቹ ላይ ግን ነገሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እዚህ የምንፈልገው ከስድስት ዓመት በላይ የሚያኝክ ጥርስ ነው። ቀዳዳው ማኘኪያው አናት ላይ ብቻ ከሆነና ትንሽ ከሆነ የለሰለሰው ክፍል በእጅ መሣሪያ ተጠርጎ በግላስ አዮኖመር ይሞላል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ መብራትና መሰርሰሪያ በሌለበት ቦታ ሰዎችን ለማከም የተጀመረ ሲሆን ዛሬ በሀብታም አገሮችም ለሕፃናት ይመረጣል። ወላጆች ብዙ ጊዜ «ቡናማውን ሁሉ ሳያወጡት እንዴት ይሞሉታል?» ብለው ይጠራጠራሉ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ወደ ነርቩ የተጠጋውን ሁሉ መቧጨር ነርቩን ሊያጋልጠው ስለሚችል ዳር ዳሩን በደንብ አጽድቶ መካከሉን ትንሽ መተውና አጥብቆ ማተም ይሻላል፤ ከታች የታሸጉት ባክቴሪያዎች ስኳር ስለማይደርሳቸው ይዳከማሉ።

ቀዳዳው በፊተኛውና በኋለኛው መንጋጋ መካከል ከጀመረ ግን ተራ ሙሌት ላይ እምነት አልጥልም፤ በሕፃን አፍ ውስጥ ቶሎ ይወልቃል። እዚያ ላይ የምመርጠው የብረት ክራውን ነው፤ ነርቩ በሕይወት ካለ ደግሞ ኖርና ሆል የተባሉ የስኮትላንድ የጥርስ ሐኪም በሠሩበትና በስማቸው በሚጠራው መንገድ፣ ያለ መርፌና ያለ መሰርሰሪያ ማድረግ ይቻላል። በጥርሶቹ መካከል ትናንሽ የላስቲክ ቀለበቶች ለጥቂት ቀናት ይቀመጡና ክፍተት ይፈጥራሉ፤ ከዚያ ሐኪሙ ልኩን መርጦ ክራውኑን በሲሚንቶ ሞልቶ ጥርሱ ላይ ያጠልቀዋል፤ ልጅቷም ጥጥ ነክሳ ታስገባዋለች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ንክሻዋ ከፍ ይልባታል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል። ክራውኑ ብርማ ነው፤ ኋላ ስለሆነ ግን ብዙም አይታይም፤ ጥርሱ ሲወልቅ አብሮ ይወልቃል። ከሁሉም የመንጋጋ ሕክምናዎች ይህ ለሕፃናት በጣም የሚያስተማምን ነው ብዬ አምናለሁ። መበስበሱ ነርቩን ነክቶ ነርቩ ግን ገና ካልሞተ የላይኛው የነርቭ ክፍል ብቻ ተቆርጦ መድኃኒት ተደርጎበት በክራውን ይሸፈናል፤ ነርቩ ሞቶ ሥሩ ድረስ ከተበከለ ደግሞ በአብዛኛው ይነቀላል፤ በዚያን ጊዜ ሐኪሙን «ቦታውን የሚጠብቅ የሽቦ ቀለበት ያስፈልጋታል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ቀዳዳው ፊተኛው መንጋጋ ላይ ይሁን ኋለኛው ላይም እንዲነግርዎት ያድርጉ፤ የኋለኛውን ለማትረፍ የበለጠ መድከም ተገቢ ነው።

ስለ ሙሉ ማደንዘዣ ሐሳቤን በግልጽ ልንገርዎት። ማደንዘዣ ክፉ ነገር አይደለም። ብዙ ጥርሶቻቸው መግል የያዙ፣ በሕመም እንቅልፍ ያጡ፣ ወይም በሌላ ጤና ችግር ምክንያት በወንበር ላይ ሊታከሙ የማይችሉ ልጆችን ከስቃይ ያወጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ተደጋጋሚ ወይም ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ማደንዘዣ በአእምሮ እድገት ላይ ተጽእኖ ሊኖረው እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ለአጭር ሰዓት የሚሰጠው ግን የሚያሰጋ አይመስልም። ልጅዎ እንደ ጻፉልኝ ከሆነ፣ ማለትም እብጠት ከሌላት፣ ሌሊት የምትተኛ ከሆነና ነርቮቿ በሕይወት ካሉ፣ ለእሷ ዛሬ ማደንዘዣ የመጀመሪያው ምርጫ ሊሆን አይገባም። ግድ ከሆነ ሕፃናትን የሚያደነዝዝ ባለሙያና የሕፃናት መሣሪያ ባለበት ሆስፒታል እንጂ በክሊኒክ ወንበር ላይ አይሁን፤ የመጾሟን ሰዓትም አጥብቀው ይጠብቁ፤ በአንድ ቀን ደግሞ ሊድኑ የሚችሉት ጥርሶች ሁሉ ይታከሙ። ልጅን አደንዝዞ ሊድን የሚችለውን ሁሉ ነቅሎ መመለስ ሕክምና ነው ለማለት ይከብደኛል።

የዚያኑ ያህል ደግሞ ሦስት ሰው ይዟት፣ እየጮኸች፣ ለአርባ ደቂቃ መሰርሰሪያ እንዲሠራባት አይፍቀዱ። ለአንድ ደቂቃ መድኃኒት ቅብ አቅፎ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ይህ ግን ሌላ ነው። በሦስት ዓመታቸው እንዲህ የተያዙ ሰዎች በሠላሳ ዓመታቸው ጥርሳቸው አብጦ እንኳ ወንበሩ ላይ ለመውጣት ሲንቀጠቀጡ አያለሁ። በሽታውን በቅብና ጡጦውን በማስተው ማስቆም ማለት ጊዜ መግዛት ማለት ነው፤ ዛሬ አፏን የማትከፍተው ልጅ አራት ዓመት ሲሆናት ተረት እየተነገራት ክራውን ታስገባለች። በሕፃናት ጥርስ ሕክምና ውስጥ ጊዜ እንደ መድኃኒት ነው፤ የሚሠራው ግን በሽታው ከቆመ ብቻ ነው። «ይተዉት» ካለዎት ክሊኒክ የምለየው በዚህ ነው።

ሕመም ቢነሣባት ፓራሲታሞል በክብደቷ ልክ፣ በአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ ይስጧት፤ አስፕሪን ለሕፃን አይሰጥም። ነጭ ሽንኩርት፣ ቅርንፉድ ወይም አረቄ ድዷ ላይ አያድርጉ፤ ያቃጥላል፤ ጥርሱን ግን አይደርስበትም። አንቲባዮቲክ ብቻውን የተቦረቦረ ጥርስ አያድንም። የሕፃን ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ከጥርስ ነው ተብሎ ግግ ማስወጣት ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም፤ በዚያ ጥርሱም ልጁም ይጎዳል። ጉንጯ ወይም ከዓይኗ በታች ካበጠ፣ ከእብጠቱ ጋር ትኩሳት ካላት፣ ለመዋጥ ወይም አፏን ለመክፈት ከተቸገረች ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዷት።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጡጦውን ማቅጠንና የማታውን ብሩሽ ይጀምሩ። ሕፃናትን የሚያክም የጥርስ ሐኪም ወይም በአቅራቢያዎ ያለ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ክሊኒክ ፈልገው ከመሄድዎ በፊት ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድና የሕፃናት ብረት ክራውን እንዳላቸው በስልክ ይጠይቁ፤ ሁሉም ቦታ አይገኝም። መድኃኒቱ ካልተገኘ በየሦስት ወሩ የሚቀባ የፍሎራይድ ቫርኒሽና ግላስ አዮኖመር በመጠኑ ይተኩታል። በዚህ ወር ውስጥ ስድስቱም ጥርሶች ቢቀቡ፣ ከዚያ መንጋጋዎቹ አንድ በአንድ ቢሸፈኑ፣ ከሦስት ወር በኋላ የተቀቡት ጥቁርና ጠንካራ መሆናቸው ቢታይ እኔ ደስ ይለኛል። ከመንጋጋዎቹ አንዱ በሌሊት ከቀሰቀሳት ግን ዕቅዱ ተለውጧል፤ የሦስት ወሩን ቀጠሮ አይጠብቁ። ቀጠሮውን ጠዋት፣ እንቅልፏን ጨርሳ ቁርሷን በልታ ባለችበት ሰዓት ይያዙት፤ «ሐኪሙ አያሳምምሽም» አይበሏት፤ ማመም የሚባል ነገር እንዳለ የምትሰማው ከዚያ ቃል ነውና፤ «ጥርሶችሽን ይቆጥርልሻል» ይበሏት፤ እሱም የሚጀምረው በመቁጠር ነው።